«ሎበርዥ ኤስፓኞል»ን ማርቆስ ላይ ልናሳይ ነው፣ በትርጉም ይሁን በጽሑፍ?

የማርቆስ ልጅ፦

ሰላም ጎጄዎች። ደብረ ማርቆስ የምንማር ልጆች ነን፣ ትንሽ የፊልም ክበብ አለችን። በሚቀጥለው ወር «ሎበርዥ ኤስፓኞል» የሚባለውን የፈረንሳይ ኮሜዲ ልናሳይ አስበናል። ሴድሪክ ክላፒሽ በ2002 በፈረንጆች ያወጣው ነው። ላላያችሁት ባጭሩ፦ ዛቪዬ የሚባል የፓሪስ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ስፓኒሽ ከቻልክ ሥራ አለልህ ይሉትና ለአንድ ዓመት ባርሴሎና ይሄዳል፣ ቤት ፍለጋ ሲንከራተት ቆይቶ ከእንግሊዝ፣ ከጀርመን፣ ከጣሊያን፣ ከዴንማርክና ከስፔን ከመጡ ልጆች ጋር አንድ አፓርታማ ይጋራል፣ በኋላ አንዲት ቤልጅጋዊት ትጨመርና ሰባት ይሆናሉ። በቃ ይኸው ነው። ሳህን ያላጠበው ማነው፣ የማንን ምግብ ማን በላው፣ ማን ከማን ጋር ጀመረ።

አሁን ክበቡ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ አንድ ሰው ማይክ ይዞ እንደ ቪዲዮ ቤት በአማርኛ ይተርክ ይላል። ግማሹ ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ ይግባበት ይላል። እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። ሌላም አለ፤ ፊልሙ ውስጥ መሳሳም አለ፣ ባለትዳር ሴት ጋር መማገጥ አለ። አዳራሹን የፈቀዱልን ጋሼ ደግሞ «እኔም መጥቼ አያለሁ» ብለዋል። እንቁረጠው?

ቡሬ መናኸሪያ፦

ወንድሜ ጽሑፉን ተወው። ሰው ሊስቅ ነው የሚመጣው፣ ሊያነብ አይደለም። ከኋላ የተቀመጠው ጽሑፉ አይታየውም፣ የሚታየውም አንብቦ ሳይጨርስ ይሄድበታል፣ ከዚያ «ምን አለ? ምን አለ?» እየተባባለ አዳራሹ ገበያ ይሆናል። ጥሩ ተራኪ ካላችሁ ግን ፊልሙን በእጥፍ ያስቀዋል። ጣሊያኑን የዳንግላ ልጅ፣ ጀርመኑን ሥርዓት የሚያበዛ የአዲስ አበባ ልጅ አድርጎ ቢያወራው አስቡት። እኔ ያደግሁት በዚህ ነው፣ ቪዲዮ ቤት ተሰልፈን የምንገባው ግማሹ ለተርጓሚው ነበር።

መቁረጡን በተመለከተ፣ ቁረጡ። ጋሼ ከተቆጡ ሁለተኛ ፊልም አታሳዩም።

ጣና ማዶ፦

ቡሬ፣ አሳቅኸኝ፣ ግን ያ ሌላ ፊልም ነው የሚሆነው።

የዚህ ፊልም ቀልድ ያለው ሰዎቹ ቋንቋ ሲጠፋቸው ነው። ስልኩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ በየቋንቋው «እሱ አሁን የለም፣ ማታ ይመጣል» እንዴት እንደሚባል ተጽፎበታል። እንግሊዛዊቷ ዌንዲ የዛቪዬን እናት ስታናግር ያንን ወረቀት እያየች ነው። አንድ ሰው በማይክ ሁሉንም በአማርኛ ካወራው ተመልካቹ ይህችን ልጅ ምን አስጨነቃት ይላል። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። ፕሮፌሰሩ በካታላን፣ በባርሴሎና አካባቢ በሚነገረው ቋንቋ፣ ያስተምራል፣ ቤልጅጋዊቷ ኢዛቤል በስፓኒሽ አድርግልን ስትለው እምቢ ይላል። ሁለቱም በአንድ ሰው አማርኛ ከወጡ ጠቡ የቱ ጋ ነው?

እኔ ማስተርሴን በኢራስመስ ሙንዱስ ነው የተማርኩት። ዛቪዬ ባርሴሎና የሄደበት ኢራስመስ የሚባለው የተማሪዎች ልውውጥ በ1987 የተጀመረው ነው፣ ለአውሮፓ ተማሪዎች። ሙንዱስ በ2004 ነው የመጣው፣ እሱ ለእኛም በሩ ክፍት ነው፣ በአንድ ዲግሪ ቢያንስ ሁለት አገር ትማራላችሁ። እናም ቤት መጋራቱን አውቀዋለሁ። ፍሪጅ ውስጥ መደርደሪያ መከፋፈሉ፣ የራስን እቃ ቦታ ለይቶ ማስቀመጡ ቃል በቃል እንደዚያ ነው። የኔ ችግር ፍሪጅ አልነበረም፣ ሽሮ ነበር። ሽንኩርቱን ሳቁላላ ከላይ ያለው ጎረቤት መስኮት ዘጋ፣ በርበሬ ስጨምር አብራኝ የምትኖረው ልጅ እያስነጠሳት ወጣች፣ ሽሮው ሲያልቅ ግን ሁሉም ማንኪያ ይዘው መጡ። እማዬ ከሞጣ የላከችው የወር ስንቅ በሁለት ሳምንት አለቀ።

አንድ ነገር ግን ፊልሙ ውስጥ የለም። ዛቪዬ ቪዛ አልጠየቀም፣ የፈረንሳይ ልጅ ወደ ስፔን ምን ቪዛ ያስፈልገዋል። ሆኖም ለምዝገባው የሚሞላው ቅጽ ብዛት ሲያማርረው ስክሪኑ በወረቀት ይሞላል። እዚያ ጋ ከእኛ ሰው የሚወጣውን ሳቅ መስማት እፈልጋለሁ። የመኖሪያ ፈቃድህ የሚያበቃበትን ቀን እያሰብክ በሳህን ማጠብ ለመጣላት ልብ አይኖርህም፣ ለዚህ ይመስለኛል የእነሱ ጠብ እንደዚያ ቀለል ያለው። ይህን ከፊልሙ በኋላ ብታወያዩበት ጥሩ ነው።

ጮቄ ሥር፦

እህቴ ጣና ልክ ነሽ፣ ቡሬ ግን የተናገረው የማይናቅ ነው። ጽሑፍ ሲባል ሁሉም ያቀልለዋል፣ የሚበላሸውም እዚያ ነው። ካየሁት ልንገርህ።

ጽሑፉን ከነሰዓቱ በሚይዘው በኤስአርቲ ፋይል አዘጋጅ፣ ስታስቀምጠው የፊደል አቀማመጡን (ኢንኮዲንግ) ዩቲኤፍ-8 አድርገው፣ አለዚያ ፊደሉ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ የሰብታይትል ምርጫ ውስጥ ገብተህ ግዕዝ ያለው ፎንት ምረጥ፣ ኒያላ ወይ ኖቶ ይሆናል፣ አለበለዚያ አራት ማዕዘን ሳጥን ነው የምታየው። ፊደሉን ትልቅ አድርገው፣ ነጭ ሆኖ ጥቁር ጠርዝ ይኑረው። ከሁለት መስመር አታስበልጥ። ሰው ያለውን ሁሉ አትጻፍ፣ አሳጥረው። ቋንቋ ሲቀየር ጽሑፉን በሌላ ቀለም አድርገው፣ ለስፓኒሽ ቢጫ፣ ለእንግሊዝኛ ሰማያዊ፣ እንዲህ ከሆነ የጣና ሐሳብ ለማያነበውም ይደርሰዋል። ከሁሉ በፊት አዳራሹ ውስጥ በራሱ ፕሮጀክተር ሞክረው፣ የመጨረሻ ወንበር ላይ ሂድና ራስህ አንብብ።

ማይክ የያዘውን ልጅ ደግሞ አታባርረው። ከመጀመሩ በፊት ሰባቱን ልጆች በፎቶ ያስተዋውቅ፣ ይቺ ዌንዲ ናት፣ ይሄ ጀርመኑ ቶቢያስ ነው፣ እያለ። ያን ጊዜ ይቀልድ የፈለገውን።

መቁረጥ የሚባለውን ግን አልስማማም። ዛቪዬ የሚማግጥባትን የሐኪሙን ሚስት ነገር ካወጣኸው የዛቪዬ ዓመት ግማሹ ይሄዳል። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ የዌንዲ ፍቅረኛ ሳይታሰብ ከእንግሊዝ መጥቶ፣ እሷ ከሌላ ሰው ጋር ሳለች፣ አብረዋት የሚኖሩት ሁሉ ሊያስጠነቅቋት ከከተማው ከየአቅጣጫው ወደ ቤት የሚሮጡበት ቦታ አለ። የፊልሙ ትልቁ ሳቅ እሱ ነው። መማገጡን ቆርጠህ ሩጫውን ብቻ ብታሳይ ምን ሊሆን ይሮጣሉ? ፖስተሩ ላይ ከ18 ዓመት በላይ ብለህ ጻፍ። ጋሼን ደግሞ ቀድመህ ለብቻቸው አሳያቸው፣ ቡና አፍልታችሁ። ካልወደዱት ሰው ሳይሰበሰብ ይነግሩሃል።

ፈቃዱንም አስቡበት። ለሕዝብ ማሳየት ቤት ቁጭ ብሎ እንደማየት አይደለም። አዲስ አበባ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ጋ ደውላችሁ ጠይቁ፣ መንገዱን ይነግሯችኋል።

ቡሬ መናኸሪያ፦

የቀለሙ ነገር ተመችቶኛል። ጣሊያኑ የዳንግላ ልጅ ባይሆን ግን ቅር ይለኛል።

የማርቆስ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጽሑፉን ሦስት ሆነን ተከፋፍለን እንጽፈዋለን፣ አንደኛዋ ፈረንሳይኛ ትሞክራለች። ጋሼ ጋ ነገ እሄዳለሁ። ቡሬ፣ ማስተዋወቁን አንተ ብትመጣ ምን ይመስልሃል? የትራንስፖርት እንሰጥሃለን። ጣና፣ ውይይቱን በስልክም ቢሆን ትመሪልናለሽ ወይ?

ጣና ማዶ፦

እመራለሁ። ሽሮ ካለ በአካልም እመጣለሁ።

ቡሬ መናኸሪያ፦

ለትራንስፖርቱ አታስብ፣ ረዳቱ ዘመዴ ነው። ቀኑን ብቻ ንገረኝ።