ለማስተርስ ጀርመን፦ ላፕቶፕ ከዚህ ልግዛ ወይስ እዚያ? ኢንተርኔቱስ እንዴት ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በሚመጣው ጥቅምት ጀርመን በሲቪል ምህንድስና ማስተርስ እጀምራለሁ። ሪቪትና ኢታብስ የሚባሉት የሕንፃ ዲዛይን ሶፍትዌሮች ያስፈልጉኛል። መርካቶ ላይ "ኮር አይ7፣ 8 ራም" የሚባል ያገለገለ ላፕቶፕ በደህና ዋጋ አለ፤ ይበቃኛል? ማክቡክ ግዛ የሚሉኝም አሉ። የደረሰኝ ዶርም ደግሞ ኢንተርኔቱ "በላን" ነው ይላል። ይሄ ምን ማለት ነው? የመጀመሪያዎቹን ቀናትስ በምን ልገናኝ?

ምላሽ 1

ወንድሜ፣ ማክቡኩን ተወው። ሪቪትም ኢታብስም የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው፤ ኤም የሚባለው የአፕል ፕሮሰሰር ባላቸው ማክቡኮች ላይ እነሱን ማሠራት ጣጣው ብዙ ነው። የሕግ ተማሪ ብትሆን ሌላ ነገር እልህ ነበር።

"ኮር አይ7" የሚለው ስቲከር ብቻውን ምንም አይነግርህም። በፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ላይ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብብ። አይ7-4600ዩ ማለት 4ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው፣ ኮሩም (ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ሁለት ብቻ። አይ5-8350ዩ 8ኛ ጀነሬሽን፣ ባለ አራት ኮር ነው፤ ስሙ "አይ5" ይሁን እንጂ ያኛውን ጥሎት ይሄዳል። ቁጥሩ በ10፣ በ11 ወይም በ12 ከጀመረ ሁለቱንም አሃዝ ያዝ፦ አይ5-1135ጂ7 11ኛ ነው። ከ8ኛ በታች ያለ ኢንቴል ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ 4ኛውን በነፃ ካልሰጡህ አትንካው።

ለሪቪት ከ16 ጂቢ ራም አትውረድ። ባለ 8ቱን የምትገዛው ማሳደጊያ ቦታ ካለው ብቻ ነው። ታስክ ማናጀር ከፍተህ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ በል፤ "ስሎትስ ዩዝድ" በሚለው መስመር "1 ኦፍ 2" ካለ አንዱ ባዶ ነው። ብዙዎቹ ቀጫጭን ሞዴሎች ላይ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም።

ብር ሳትቆጥር እዚያው ሱቁ ውስጥ አጥፍተህ አብራውና ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ግባ፤ ዴል ኤፍ2፣ ኤችፒ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ኤፍ1 ነው። ፓስወርድ ከጠየቀህ ተሰናበት። ቀጥሎ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ፓወርሲኤፍጂ፣ ስፔስ፣ ስላሽ፣ ባትሪሪፖርት ብለህ ኢንተር በል፤ ፋይሉ የተቀመጠበትን ቦታ ይነግርሃል። "ዲዛይን ካፓሲቲ" 50,000፣ "ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ" 30,000 ካለ ባትሪው 60 በመቶ ቀርቶታል ማለት ነው። በዚያው ልክ ዋጋ አስቀንስ።

በእኔ በኩል ከዚህ ይዘህ ብትሄድ ይሻላል፤ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባውም የዶርም ውሉም በኢሜይልና በፒዲኤፍ ነው የሚያልቀው። ደህና ማሽን ካጣህ ግን እዚያ ከነጋዴ የታደሰ ግዛ። በኦንላይን ከገዛህ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳትሰጥ መመለስ ትችላለህ። ከግለሰብ ብትገዛ ግን ይሄ መብት የለህም። የጀርመን ኪቦርድ ላይ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ አት የምትለዋን ምልክት ደግሞ ኦልት ጂአርን ይዘህ ኪው ስትነካ ታገኛታለህ።

ምላሽ 2

"በላን" ማለት ግድግዳው ላይ የኔትወርክ ሶኬት አለ፣ ዋይፋይ ግን ላይኖር ይችላል ማለት ነው። 5 ሜትር ካት 6 የሚባል የኔትወርክ ኬብል ያዝ። ላፕቶፕህ የኬብል ቀዳዳ ከሌለው የዩኤስቢ ኔትወርክ አዳፕተርም ጨምር።

ለስልክህ ዋይፋይ ከፈለግህ ራውተር ትገዛለህ፣ ግን ቀድመህ የዶርሙን ደንብ አንብብ፤ አንዳንዱ ይከለክላል፣ አንዳንዱ የራውተሩን ማክ አድሬስ (የመሣሪያውን መለያ ቁጥር) አስመዝግብ ይላል። ከተፈቀደ ከግድግዳው የሚመጣውን ኬብል "ዋን" (ኢንተርኔት የሚገባበት) የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ቀለሙ የተለየውና ለብቻው ያለው ቀዳዳ ላይ ሰካ። እባክህ እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። ከ"ላን" ቀዳዳዎቹ በአንዱ ከሰካኸው ራውተሩ ለሕንፃው ሁሉ የተሳሳተ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ማደል ይጀምራል። የጎረቤቶችህ ኢንተርኔት ይቋረጣል፤ የኔትወርክ ኃላፊውም ክፍልህን ለይቶ መስመሩን ይዘጋብሃል።

ምላሽ 3

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅድመ ክፍያ ሲም ይበቃሃል። እንደ አልዲ ቶክና ሊድል ኮኔክት ያሉትን ከሱፐርማርኬት ታገኛለህ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ማንነትህ ሳይረጋገጥ ሲሙ አይከፈትም፤ ፓስፖርትና የጀርመን አድራሻ ይጠየቃል። የቪዲዮ ማረጋገጫው የሁሉንም አገር ፓስፖርት አይቀበልም። ካልተቀበለህ ፖስታ ቤት ሄደህ የሚረጋገጥበትን መንገድ ምረጥ። ጥቅሉ የሚቆየው ብዙ ጊዜ 4 ሳምንት እንጂ ወር አይደለም፤ ስለዚህ በዓመት 13 ጊዜ ትከፍላለህ። እግርህ እንደገባ የ24 ወር ውል አትፈርም።

ግቢ ውስጥ "ኤዱሮም" የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ዋይፋይ አለልህ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድም ይሠራል። የሚከፈተው ተመዝግበህ የተማሪ አካውንት ስታገኝ ነው። በስልክህ ሴቲንግ በእጅህ አትሙላው፤ ዩኒቨርሲቲህ ያዘጋጀውን የኤዱሮም መጫኛ አውርድ። በእጅ ሲሞላ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው የተጠቃሚ ስሙን ከነአቱና ከነዩኒቨርሲቲው አድራሻ አለመጻፍ ነው፤ የራስህ ግቢ ቢያስገባህ እንኳ ሌላ ቦታ ይከለክልሃል። ሁለተኛው ሰርተፊኬቱን (ዋይፋዩ እውነተኛ መሆኑን የሚያሳየውን ማስረጃ) "አታረጋግጥ" ማለት ነው። ያኔ ማንም "ኤዱሮም" ብሎ ሰይሞ የለቀቀው ዋይፋይ ፓስወርድህን ሊወስድ ይችላል።

የኢትዮጵያ ሲምህንም አትጣል፤ የባንክህ የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በሱ ነው። ባለሁለት ሲም ስልክ ያዝ።

ጥያቄ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የላፕቶፑ ቻርጀር ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ነው፣ ከዱባይ የመጣ። ጀርመን ይሠራል?

ምላሽ 1

እንዳለ አይገባም፣ እዚያ እንደ እኛው ባለ ሁለት ክብ ነው። ሙሉ ቻርጀር ግን አትግዛ። ጥቁሩ ሳጥን ላይ "100–240" ቮልት የሚል ካለ ራሱ ይሠራል፤ ከሳጥኑ ወደ ግድግዳ የሚሄደውን ኬብል ብቻ ነቅለህ በባለ ሁለት ክብ ቀይረው። ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ሌላው ይለያያል።