በኢኤስፒ32 የሠራሁት የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሰርቨር ሁለት ሰው ሲከፍተው ይቆማል

የአዳማ ቴክኒሻን፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ባለ የአትክልት እርሻ ላይ ለተተከለ የውኃ ፓምፕ፣ በኢኤስፒ32 ቦርድ (ዋይፋይ ባለው ትንሽ መቆጣጠሪያ) አነስተኛ የድር ሰርቨር ሠርቻለሁ። ገጹ የሞተሩን ሙቀትና የታንከሩን የውኃ መጠን ያሳያል፤ ኮንታክተሩን (የሞተሩን ትልቅ ማብሪያ) የሚያስነሣውን ሪሌም (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) ያበራል፣ ያጠፋል። እርሻው ላይ ሆኜ በስልኬ ስከፍተው በደንብ ይሠራል፤ ዘበኛው በራሱ ስልክ ሲጨምርበት ግን ገጹ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይመጣም። ከቤቴ ሆኜም ልቆጣጠረው እፈልጋለሁ፤ ይሁንና የእርሻው ኢንተርኔት በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ሲሆን፣ በራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ ለሚመጣ ግንኙነት መግቢያ) ብከፍትም ከውጭ ሊገኝ አልቻለም። ወደ ትልቅ ቦርድ መሸጋገር ይኖርብኝ ይሆን?

ሽቦና ኮድ፦
ወንድሜ፣ ቦርዱን ለመቀየር አይቸኩሉ። ችግሩ የፍጥነት ሳይሆን የግንኙነት ብዛት ይመስለኛል። ከኢኤስፒ-አይዲኤፍ (ከቦርዱ አምራች የፕሮግራም መሥሪያ) ጋር የሚመጣውን ሰርቨር ተጠቅመው ከሆነ፣ ካልተቀየረ በስተቀር በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 7 ሶኬት (ግንኙነት) ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው የኔትወርክ ሶፍትዌር 10 ይፈቅዳል፣ 3ቱን ግን ሰርቨሩ ለራሱ ሥራ ይይዛቸዋል። አንድ ብራውዘር ደግሞ ስክሪፕቱንና ምስሎቹን ጎን ለጎን ለማምጣት እስከ 6 ግንኙነት ሊከፍት ይችላል፤ ከጨረሰም በኋላ ወዲያው አይዘጋቸውም፤ ስለዚህ ለዘበኛው ስልክ የሚተርፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ገጹን በሙሉ አንድ ፋይል አድርገው በጂዚፕ ጨምቀው ያስቀምጡት፤ ቦታ ሲሞላም ለረጅም ጊዜ ሥራ ላይ ያልዋለው ግንኙነት እንዲዘጋ «ኤልአርዩ ፐርጅ» የሚባለውን ምርጫ ያብሩት።

የሞተሩን ሙቀት በምን ሴንሰር ነው የሚያነቡት?

የአዳማ ቴክኒሻን፦
በዲኤስ18ቢ20 ነው። ገጹ በተጠየቀ ቁጥር ይነበባል።

ሽቦና ኮድ፦
እንግዲያው ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነው። ያ ሴንሰር በ12 ቢት (በከፍተኛው ጥራቱ) አንድ ንባብ ለመጨረስ እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ሰርቨሩ ጥያቄዎችን የሚያስተናግደው በአንድ ታስክ (ተራ በተራ በሚሠራ አንድ የፕሮግራም ክፍል) ስለሆነ ለአንዱ ሲጠብቅ ሁሉም ይቆማል። ሴንሰሩን ሌላ ታስክ በየጊዜው እያነበበ ውጤቱን በሜሞሪ ያስቀምጥ፤ ገጹ የተቀመጠውን ቁጥር ብቻ ያቅርብ።

ከሐዋሳ፦
ከሩቅ ስለመቆጣጠሩ ልጨምር። ራውተሩ ከኔትወርኩ ያገኘውን አይፒ አድራሻ ይመልከቱ፤ በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ የሚገኝ ከሆነ፣ አድራሻው የግል ስለሆነ የከፈቱት ፖርት ከውጭ ሊታይ አይችልም። ቢታይም እንኳ ሞተር የሚያስነሣ ገጽ ለዓለም ሁሉ ክፍት መሆን የለበትም፤ ያለ ቲኤልኤስ (መልእክትን የሚመሰጥር ዘዴ) የሚላክ ፓስወርድ መንገድ ላይ ሊነበብ ይችላል። የሚሻለው ግንኙነቱ ከእርሻው ወደ ውጭ እንዲጀመር ማድረግ ነው። የሕዝብ አይፒ ያለው ትንሽ ሰርቨር ተከራይተው፣ እርሻው ላይ ያለ ራውተር ወይም ራስፕቤሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) በዋየርጋርድ (የተመሰጠረ የግል መስመር በሚዘረጋ ቪፒኤን) ከእርሱ ጋር ይገናኝ፤ በመሃል ያለው ኔትወርክ መስመሩን እንዳይረሳው በየ25 ሰከንዱ ምልክት እንዲልክ ያድርጉት። ከዚያ በኋላ ስልክዎ በዚያው ዋየርጋርድ ገብቶ ገጹን ያገኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ታንከሩ ሲሞላ ወይም ጉድጓዱ ሲደርቅ ፓምፑን የሚያቆመው ውሳኔ በገጹ ላይ ባለ ሰው ሳይሆን በቦርዱ ውስጥ መሆን አለበት፤ ኔትወርክ በተቋረጠበት ሰዓት ሞተሩ በባዶው ሲዞር የሚደርስለት የለምና። የማብሪያው ትእዛዝም በጌት (ገጽ ለማንበብ በሚላክ ጥያቄ) ሳይሆን በፖስት (ለውጥ ለማዘዝ በሚላክ ጥያቄ) ይላክ፤ ብራውዘር ገጽን አስቀድሞ ሲጭን ወይም እንደገና ሲከፍት የጌትን ጥያቄ በራሱ ሊደግመው ይችላል።

የአዳማ ቴክኒሻን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አድራሻው በ10 የሚጀምር ነው፤ ስለዚህ በዋየርጋርድ እሄዳለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሪሌው ለቅጽበት ጠቅ ይላል፤ ይህም ከኮዱ ይሆን?

ሽቦና ኮድ፦
ኮዱ ገና ሳይጀምር የሚሆን ነገር ነው። ፒን 5፣ 14 እና 15 ቦርዱ ሲነሣ ምልክት ያወጣሉ፤ ሪሌው ከእነርሱ በአንዱ ላይ ከሆነ አውጥተው ወደ ፒን 25 ወይም 26 ያዙሩት። ሪሌው ከፍ ባለ ቮልቴጅ የሚነሣ ዓይነት ከሆነም፣ ከፒኑ ወደ ግራውንድ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይጨምሩ።