የልጄ ዓይን ቆብ ላይ ያለው ቀይ እብጠት፦ ልጠብቅ ወይስ መድኃኒት ላስጀምር?

እባካችሁ፣ በዚህ ያለፋችሁ እናቶችና ሐኪሞች እርዱኝ። ልጄ 7 ሳምንቷ ነው። ስትወለድ ምንም አልነበረባትም። በ10ኛው ቀን የግራ ዓይኗ ቆብ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ነጥብ አየሁ። እናቴ «ማርያም ስማት ነው» አለችኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። አሁን ግን እንደ እንጆሪ አብጧል። ስታለቅስ ይደምቃል። ጡት ይዛ ቀና ብላ ስታየኝ የግራ ዓይኗ ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው። ያኔ ሆዴ ይላወሳል።

ጤና ጣቢያ «ስታድግ ይጠፋል፣ ጠብቂ» አሉኝ። ሌላ የሕፃናት ሐኪም ደግሞ ሄማንጂዮማ (ከደም ሥሮች የሚፈጠር እብጠት) ነው አለኝ። አብዛኛው በዓመታት ውስጥ በራሱ ይከስማል። ዓይን ከሸፈነ ግን እይታዋን ሊያዳክም ስለሚችል መጠበቅ የለበትም። ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት እንጀምርላት ብሏል። መድኃኒቱ ግን የልብ ምትና የደም ስኳር ሊቀንስ ይችላል፤ ጡት ሳትጠባ አይሰጣትም። እኔን ያስፈራኝ ሌሊቱ ነው፤ አንዳንዴ 6 ሰዓት ሙሉ ትተኛለች።

ልጃችሁን ያስጀመራችሁ፣ ሌሊት እየቀሰቀሳችሁ ነበር የምታጠቡት? ሆስፒታል ተኝታችሁ ነው የጀመራችሁት ወይስ ቤት? መጀመሪያ የዓይን ሐኪም ላሳያት? ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው፤ በየቀኑ እያደገ ስለሆነ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።