ለባለቤቴ ማስተርጎም የተውኩበት ምክንያት

ሰላም ለሁላችሁ።

ሰሞኑን አንዲት እህት የመጀመሪያ ልጇን እየጠበቀች እንደሆነ ነግራን ነበር። ቋንቋው ገና ስላልገባት ክትትል የምትሄደው ከባሏ ጋር ነው፤ የሚያስተረጉምላትም እሱ ነው። ብዙዎቻችሁ «ታድለሽ!» ብላችኋታል። ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን እኔም እንደዚያ እል ነበር። አሁን ግን የምለው ሌላ ነው። ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ባለቤቴ ዛሬ 37 ሳምንት ከ3 ቀን ሆኗታል። እኔ ከአገር ከወጣሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ፤ እሷ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ስለዚህ ባንክ የምሄደው እኔ ነኝ። የቤት ኪራይ ውል የማነበው እኔ ነኝ። በፖስታ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ የእኔ ሥራ ነው። እርግዝናው ሲመጣም በዚያው ቀጠልን። የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ነርሷ የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደጀመረ የጠየቀችው እኔን ነው። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጣቶቿን ታያለች። ስለ ራሷ ሰውነት እየተወራ እሷ እንግዳ ሆና ነበር። ያኔ አልታየኝም።

(በነገራችን ላይ ያን ቀን ጽፋችሁ ያዙት። እርግዝና የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ 40 ሳምንት ወይም 280 ቀን። ፅንሱ የሚፈጠረው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ይህን እስክናውቅ ድረስ የእኛ ቁጥርና የሐኪሟ ቁጥር አልገጥም ብሎን ብዙ ተጨንቀናል።)

በ20ኛው ሳምንት አካባቢ ረጅሙ አልትራሳውንድ አለ። የልጁን ልብ፣ አንጎል፣ ጀርባ አጥንትና ኩላሊት አንድ በአንድ የሚያዩበት ነው። ክፍሉ ጨለም ያለ ነበር። ቀዝቃዛው ጄል ሆዷን ሲነካት ባለቤቴ እጄን ጨበጥ አደረገችው። ስክሪኑ ላይ ልብ ይመታል፣ ጣት ይታያል። እኔ ግን ስክሪኑን አላየሁም። አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ የሐኪሟን አፍ ነበር የማየው።

ሐኪሟ እንዲህ አለች። ልጁ ደህና ነው። እንግዴ ልጁ ግን ዝቅ ብሎ ወደ ማህፀን በር ተጠግቷል። ማህፀን እያደገ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ እየራቀ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ በ32ኛው ሳምንት ደግመን እናየዋለን። እስከዚያ ድረስ ደም ካየች፣ ትንሽም ብትሆን፣ ወዲያው ትደውል።

ባለቤቴ ፊቴን እያየች «ምን አለች?» አለችኝ።

«ሁሉም ነገር ደህና ነው። በ32ኛው ሳምንት ደግመው ያዩናል» አልኳት።

ያን ሁሉ ነገር በዚህ ዘጋሁት። ለምን እንዳደረግኩት አውቃለሁ። እናቷ ሩቅ ናቸው፤ እህቶቿም ሩቅ ናቸው። ሌሊት እንቅልፍ ብታጣ አጠገቧ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጭንቀቱን እኔ ልያዝላት ብዬ ነው። ፍቅር መስሎኝ ነበር፤ ፍቅርም ነበር። ግን ስህተት ነበር።

26ኛው ሳምንት ላይ የሌሊት ሺፍት ገብቼ ሳለ ባለቤቴ ትንሽ ደም አየች። ያን ቀን ብዙ ደረጃ ስለወጣች የድካም ነው ብላ ተኛች። ሥራ ላይ ነው፣ ላስጨንቀው አይገባም ብላ አልደወለችልኝም። ጠዋት ስገባ እንደ ተራ ነገር ነገረችኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ ይዣት ወጣሁ። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ታክሲ ውስጥ ነገርኳት። አንድም ቃል አልመለሰችልኝም። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ሄደች።

ሆስፒታል ስንደርስ የልጁን የልብ ምት የሚከታተል መሣሪያ አሰሩላት። የልጁ ልብ ደህና ነበር፤ ደሙም ቆሟል። ለአንድ ሌሊት አስተኝተው ክትትል አደረጉላት። ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ሐኪሟ ያለችውን ነው የምፈልገው። አንተ የመረጥክልኝን አይደለም።»

በማግስቱ አስተርጓሚ ጠየቅን። ለሥራው የሠለጠነ አስተርጓሚ ማለቴ ነው።

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔም ለስድስት ዓመት አላወቅኩም። በብዙ አገሮች ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ለታካሚ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ ብዙ ጊዜም በነፃ ነው። በአካል ሊመጣ ይችላል፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ ሊሆንም ይችላል። ዋናው ነገር ቀጠሮ ስትይዙ መጠየቅ ነው። እዚያው ደርሳችሁ ብትጠይቁ ላይገኝ ይችላል። «የአማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልጋታል» ተብሎ ፋይሏ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። ሴት አስተርጓሚ ከፈለገችም ይነገር።

እኛ አንድ ስጋት ነበረን። እዚህ የምንኖር የአገራችን ሰዎች ጥቂት ነን፤ አስተርጓሚው የሚያውቀን ሰው ቢሆንስ? አስተርጓሚ የሰማውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ያም ሆኖ ልባችሁ ካልረጋ በስልክ ይሁንልን በሉ። እኛን ያስተረጎመችው ሴት ሌላ ከተማ ነበረች። ስማችንን እንኳን አልጠየቀችንም።

ያን ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ድምፁ ከፍ ተደርጓል። አዋላጅ ነርሷ ባለቤቴን ዓይን ዓይኗን እያየች ትጠይቃለች። ባለቤቴ ትመልሳለች፣ ከዚያም ራሷ ትጠይቃለች። እኔ ዳር ተቀምጫለሁ። እናቷ እሷን ሲወልዱ ደም በጣም ፈሷቸው እንደነበር ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሦስት ዓመት በትዳር ኖረን አልነገረችኝም። አንተን ማስጨነቅ አልፈለግኩም አለችኝ። እኔ ለእሷ ስደብቅ፣ እሷም ለእኔ ስትደብቅ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ አዋላጇ ለጥቂት ደቂቃ ውጣልን አለችኝ። ቅር አለኝ፤ አልዋሽም። በኋላ ነው የገባኝ። በብዙ ቦታ ነፍሰ ጡርን ሁሉ ለብቻዋ ይጠይቋታል፦ ቤትሽ ሰላም ነው? የሚያስፈራሽ ሰው አለ? ማንንም ጠርጥረው አይደለም፤ ሁሉንም ይጠይቃሉ። አሁን አስቡት። አስተርጓሚው ባል ከሆነ ይህ ጥያቄ እንዴት ይጠየቃል? የእኔ ቤት ሰላም ነው። ሰላም የሌለው ቤት ያለች እህት ግን መናገሪያ በሯ ተዘጋ ማለት ነው። ወንድሞቼ፣ ውጡ ሲሏችሁ በደስታ ውጡ።

በ32ኛው ሳምንት እንግዴ ልጁ ወደ ላይ ወጥቶ ተገኘ። በዚህኛው አልትራሳውንድ እኔ የማስተረጉመው ነገር አልነበረኝም። ስክሪኑን አየሁ። ልጃችን አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ሊከት እየሞከረ ነበር።

የቤታችን ኑሮም ተለወጠ። ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈናል። ግማሹ የባለቤቴ ጥያቄዎች ናቸው፤ ትዝ ሲላት ትጽፋቸዋለች፣ ቀጠሮ ሲደርስ ይዛ ትሄዳለች። ግማሹ ደግሞ በስልክ የምትላቸው አራት አረፍተ ነገሮች ናቸው። የውጭው ቋንቋ በፊደላችን ተጽፏል፤ ከሥሩ ትርጉሙ አለ። «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።» «ደም እያየሁ ነው።» «ልጄ እንደ ወትሮው አልተንቀሳቀሰም።» «37 ሳምንት ነኝ።» የመጨረሻው ቁጥር በየሳምንቱ በእርሳስ ይታረማል። ከተሰረዘበትና ከተጻፈበት ብዛት ወረቀቱ እዚያ ጋ ሳስቷል።

ማታ ማታ እንለማመዳለን። እኔ ስልክ አንሺ እሆናለሁ፤ እሷ ትደውላለች። ሆን ብዬ ቶሎ ቶሎ እናገራለሁ። «ቀስ ብለው ይንገሩኝ» ማለትን ለመደች። ባለፈው ሳምንት ቀጠሮዋን ለመቀየር ራሷ ደወለች። እኔ ኩሽና ዕቃ እያጠብኩ ነበር፤ ውሃውን ዘግቼ እጄ እየተንጠባጠበ ቆሜ ሰማኋት። ስትጨርስ ስልኩን አስቀመጠችና «ለሐሙስ አደረግኩት» አለችኝ። እንዲሁ በቀላሉ።

ከ28ኛው ሳምንት ወዲህ በጎን መተኛት ይመከራል። በጀርባ ተኝታችሁ ብትነቁ ግን አትደንግጡ፤ ዞር ብሎ መተኛት ነው። የልጁን እንቅስቃሴ በተመለከተ ደግሞ ትልቁ ነገር ቁጥሩ አይደለም። የእያንዳንዱ ልጅ ልማድ ይለያያል። የእኛ ማታ ላይ ነው የሚነሳው። ከልማዱ ከቀነሰ በዚያው ቀን መደወል ነው፤ እስከ ነገ አይጠበቅም። «መውለጃው ሲደርስ ቦታ ስለሚጠበው መንቀሳቀስ ይቀንሳል» የሚባለውን እኛም ሰምተናል። ትክክል አይደለም፤ እስከ ምጥም ድረስ መንቀሳቀስ አለበት። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም ካለ ደግሞ የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ይደወል። ይህን ሁሉ ባለቤቴ በራሷ ጆሮ፣ በራሷ ቋንቋ ሰምታዋለች። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

ማታ ከመተኛታችን በፊት ለልጁ አወራለታለሁ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዴካስፐርና ፋይፈር የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከተወለዱ ሦስት ቀን ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ ሙከራ አድርገው፣ ሕፃናቱ ከሌላ ሴት ድምፅ ይልቅ የእናታቸውን ድምፅ እንደሚመርጡ አሳይተዋል። ድምፁን ለመስማት አጠባባቸውን እስከ መቀየር ይደርሱ ነበር። እኛ ልጃችን ተወልዶ ቋንቋችንን ይችል ይሆን እያልን ስንጨነቅ፣ እሱ ለካ ሆድ ውስጥ ሆኖ መስማት ጀምሯል። ባለቤቴ ውጭ አገር ከመጣች ወዲህ ዝምተኛ ሆና ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ታወራለታለች፤ ልብስ ስታጥፍም፣ ደረጃ ስትወርድም። ድምፅዋ ወደ ቤታችን ተመለሰ።

ሌላውን ባጭሩ ልበል። የአባትነት ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ከሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ካር ሲት (የሕፃን የመኪና መቀመጫ) በስጦታ ስትቀበሉ የነበረበት መኪና ግጭት ደርሶበት እንደሆነ ጠይቁ፤ ታሪኩ ካልታወቀ ባትጠቀሙበት ይሻላል። አራስ ልጅ የሚቀመጠው ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ ነው። ልጁ ሲተኛም በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ዝርግ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ነው። በዚህ ጉዳይ ከባለቤቴ እናት ጋር በስልክ ትንሽ ተከራክረናል፤ በመጨረሻ «እናንተ ካላችሁ ይሁን» አሉን። የእሳቸው ቪዛ ገና ነው። ከወሊድ በፊት ይደርሳሉ ብለን አንጠብቅም። በተባለው ቀን የሚወለደው ከ20 ልጅ አንዱ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቀን ቆርጠን መቁጠሩን ትተናል። ሻንጣው በሩ ጋ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ቀርቷል፤ የምጠይቃችሁም እሱን ነው። ምጡ ሌሊት ከመጣ፣ በተለይ በሰንበት፣ አስተርጓሚ በስልክ አግኝታችሁ የምታውቁ እህቶች አላችሁ? ስንት ደቂቃ ፈጀ? ምጡ ሲበረታ ስልኩን ማን ያዘላችሁ፣ የትስ ተቀመጠ? ባለቤቴ የዚያን ሰዓት እኔ እጇን እንድይዝ ብቻ ነው የምትፈልገው። መልሳችሁን እሷም ታነባለች፤ ለእሷ ጻፉላት።