«ጊዜ ይፈርዳል» ያላችሁ፣ የፈረደው ማን እንደሆነ ንገሩን

የማርቆሱ፦
ትናንት ማታ እዚህ ስለ አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስለ ሌብሮን ጄምስ፣ «ሌብሮንን ከጥቂት ቀናተኞች በቀር ማንም ጠልቶት አያውቅም፤ ጊዜ ይፈርዳል» ተብሎ ተጽፎ አነበብኩ። ሲያንገበግበኝ አደረ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጁላይ 2010 ሰውየው በቀጥታ የቴሌቪዥን ሥርጭት ቀርቦ ክሊቭላንድን ለቅቆ ማያሚ እንደሚገባ ሲናገር፣ ያሳደገው አካባቢ ሕዝብ 23 ቁጥር ማሊያውን አደባባይ አውጥቶ አቃጠለው። የቡድኑ ባለቤትም በዚያው ሌሊት የውግዘት ደብዳቤ አወጣ፤ ከእሱ በፊት ዋንጫ የምናነሣው እኛ ነን ብሎ ዋስትና ሰጠ። ይህ የጥቂት ቀናተኞች ሥራ ነው? እኛም ዘንድ በዚያ ሰሞን ከሃዲ የማይለው ሰው ብርቅ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ዛሬ የት ገባ?

የቡሬው፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌንም አላጥፍም። እነዚያው ማሊያ ያቃጠሉ ሰዎች በ2014 ሲመለስ በደስታ ተቀበሉት። በ2016 በመደበኛው ውድድር 73 ጨዋታ ያሸነፈውን ጎልደን ስቴት፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫ በሚወስድበት ፍጻሜ 3 ለ 1 ከተመራ በኋላ ተነሥቶ ረታው። ክሊቭላንድ ከ1964 ወዲህ በየትኛውም ትልቅ ስፖርት ያላየችውን ዋንጫ አየች። ስድስት ዓመት ፈጀ እንጂ ጊዜ ፈረደ።

የዳንግላዋ፦
ጊዜ ምን አደረገ? ያንን ሰባተኛ ጨዋታ እንደገና ተመልከቱት። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ አልሞላውም፤ ውጤቱ 89 ለ 89 ነው። የጎልደን ስቴቱ ኢጉዳላ ኳሷን ይዞ ቅርጫቱ ሥር ደርሷል። ሌብሮን ከሜዳው ሌላ ጫፍ ሮጦ መጥቶ ከኋላው ተነሣና ኳሷን ከሰሌዳው ጋር ለጠፋት። ከዚያ የክሊቭላንዱ ካይሪ ኧርቪንግ በጎልደን ስቴቱ ከሪ ፊት ሦስት ነጥብ አስቆጠረ። ያቺ የኢጉዳላ ኳስ ገብታ ቢሆን፣ እናንተው ዛሬም «ፍጻሜ ላይ የሚወድቅ» ትሉት ነበር። የፈረደው ዋንጫ ነው። ጊዜ በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም።

የቡሬው፦
እኅቴ፣ ፈራጁ ዋንጫ ከሆነ ኬቪን ዱራንትን ምን ልታደርጊው ነው? በ2017 እና በ2018 ከጎልደን ስቴት ጋር ዋንጫ አነሣ፤ ሁለቱንም ጊዜ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ፍርዱ የታል?

የማርቆሱ፦
ዱራንትማ የታወቀ ነው። በ2016 የያኔ ቡድኑ ኦክላሆማ 3 ለ 1 እየመራ በጎልደን ስቴት ተሸነፈ፤ ወር ከምናምን ሳይቆይ ሄዶ ያንኑ ያሸነፈውን ቡድን ተቀላቀለ። እንዲህ የተገኘ ዋንጫ ማንንም አያስከብርም።

የቡሬው፦
እንግዲያው ዋንጫ አይፈርድም ማለትህ ነው! ሌብሮንስ ማያሚ የሄደው ኮከቦቹን ዌድንና ቦሽን ብሎ አይደለም? አንዱ ይቅር ተባለ፤ ሌላው እስከ ዛሬ ይወቀሳል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ የዱራንት ጊዜ ገና አልደረሰም።

የሞጣው፦
ደርሷል እንጂ፤ ያላያችሁት እናንተ ናችሁ። ጎልደን ስቴት ከቶሮንቶ ጋር በተጫወተበት የ2019 ፍጻሜ አምስተኛው ጨዋታ ላይ፣ ከጉዳት በቅጡ ሳያገግም ገብቶ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። የቶሮንቶ ተመልካች ገሚሱ መሬት ላይ መቀመጡን አይቶ ጨፈረ። ዝም በሉ ብለው በእጃቸው ምልክት ያሳዩት የቶሮንቶ ተጫዋቾች ራሳቸው ናቸው። ከዚያች ቀን በኋላ ልበ ቢስ ያለው ሰው ካለ አላውቅም። እኔ ያንን የሌሊት 10 ሰዓት ጨዋታ በቀጥታ ነው ያየሁት። እዚህ የሚከራከረው አብዛኛው ሰው በማግስቱ የሦስት ደቂቃ ቅንጫቢ አይቶ ነው።

የማርቆሱ፦
ሌሊት የነቃ ሁሉ ዳኛ አይሆንም፣ ወንድሜ። የጅማቱ ጉዳት አሳዘነን፤ ምርጫውን ግን አላጸደቀውም። ሁለቱን አትቀላቅል።

መምህር ከፍኖተ ሰላም፦
ልጆቼ፣ ስለ ዳላሱ ዲርክ ኖቪትዝኪ አንድም ሰው አላነሣም። በ2006 ፍጻሜ ዳላስ 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። በ2007 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ቡድኑ ግን 67 ጨዋታ አሸንፎ ሲያበቃ በመጀመሪያው ዙር ስምንተኛ ሆኖ በገባው ጎልደን ስቴት ተባረረ። «ለስላሳ ነው፤ በእሱ ዋንጫ አይገኝም» ያላለ አልነበረም። በ2011 ከማያሚ ጋር አራተኛውን ጨዋታ ትኩሳት ይዞት ተጫወተ። ዌድና ሌብሮን ካሜራ ፊት ሳሉበት፤ ታመምኩ ማለቱን ለማሾፍ ነው። ዳላስ 4 ለ 2 ሲያሸንፍ ሰውየው ጭፈራውን አልጠበቀም፤ የዳኞቹን ጠረጴዛ ተሻግሮ መልበሻ ክፍል ገባ፤ እንባውን ሰው እንዲያይበት አልፈለገም። እኔ ይህን ሰው የምወደው ስለ ዋንጫው አይደለም። ያ ሁሉ ስድብ ሲወርድበት ቡድኑን አልለቀቀም፤ 21 የውድድር ዘመን በዳላስ ቆየ። የሰው አስተያየት የሚቀየረው ጸንቶ ለቆመ ነው።

የዳንግላዋ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎም ሳያስቡት ወደ እኔ መጡ። በ2011 ባያሸንፍ ኖሮ 21 ዓመቱን «ሌላ ቡድን የማይፈልገው» እንለው ነበር። ጸንቶ ቆሞ ዋንጫ ሳያገኝ የቀረ ስንት ተጫዋች አለ፤ የማንን ስም ነው የምናነሣው?

የማርቆሱ፦
ለትናንቱ ጸሐፊም እዚሁ መልስ አለ። በዚያ አራተኛ ጨዋታ ሌብሮን ያስቆጠረው 8 ነጥብ ነው። ስምንት! «ማንም አልጠላውም» የተባለው ሰው በዚያ ሳምንት የመላው ዓለም መሳለቂያ ነበር።

የዳንግላዋ፦
እውነቱን እንነጋገር ካላችሁ የሎስ አንጀለስ ሌከርሱን ኮቢ ብራያንትን እናንሣ። በ2003 ኮሎራዶ ውስጥ በአስገድዶ መድፈር ተከስሶ ነበር። ከሳሿ ለመመስከር ባለመፈለጓ ክሱ በ2004 ተቋረጠ፤ የፍትሐ ብሔሩ ጉዳይ በስምምነት ተዘጋ፤ እሱም ይቅርታ የጠየቀበት መግለጫ ወጣ። ያኔ ያልተናገረ ሰው አልነበረም። ጃንዋሪ 26 ቀን 2020 ከሴት ልጁ ጋር በሄሊኮፕተር አደጋ ሲሞት ግን ያ ሁሉ ነገር ከአፍ ጠፋ። እኔም ለሴት ልጁ አልቅሻለሁ። ነገር ግን የዚያችን ከሳሽ ነገር ማን አስታወሰ? ጊዜ ፈረደ አትበሉኝ። ሞት ዝም አሰኘን።

የባሕር ዳሩ፦
ሙት ወቃሽ አትሁኚ። በአንድ ጨዋታ 81 ነጥብ ያስቆጠረ፣ አምስት ዋንጫ ያነሣ፣ በመጨረሻ ጨዋታው 60 ነጥብ አስቆጥሮ የተሰናበተ ሰው ነው። በዚህ ስም ጫማ አድርጎ ያላደገ ልጅ ባሕር ዳር ውስጥ ጥሪልኝ።

የዳንግላዋ፦
የወቀስኩት ሙቱን አይደለም፤ በሕይወት ያለነውን ነው። 81 ነጥቡ ለጠየቅኩት ጥያቄ መልስ አይሆንም።

የቢቸናው፦
ሩቅ ለምን ትሄዳላችሁ? በላይ ዘለቀ ጣሊያንን ተዋግቶ፣ በ1937 ዓ.ም. በገዛ መንግሥቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ዛሬ እዚያው አዲስ አበባ ላይ መንገድ በስሙ ይጠራል። ይህ የጊዜ ፍርድ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የባሕር ዳሩ፦
በላይን ከኳስ ተጫዋች ጋር አንድ መስመር ላይ አታስቀምጥ። ያ ሰው ደሙን የሰጠ አርበኛ ነው።

መምህር ከፍኖተ ሰላም፦
የቢቸናው ልጅ ምሳሌህ አልሰመረም። ጎጃም በላይን የጠላው መቼ ነው? የተቀየረው የቤተ መንግሥቱ ፍርድ ነው እንጂ የሕዝቡ አይደለም። እኛ የምንከራከረው ደግሞ ራሱ ስለ ሕዝቡ መገለባበጥ ነው፤ በክሊቭላንድ ያቃጠለውም ያጨበጨበውም አንድ ሕዝብ ነው።

የቢቸናው፦
መምህር፣ እርስዎ ካሉ ስለ በላይ አልከራከርም። ስለ ጊዜ ግን እከራከራለሁ።

የቡሬው፦
የቀድሞውን የቦስተን ተጫዋች ቢል ራስልን ውሰዱ። በ13 ዓመት 11 ዋንጫ፤ እኅቴ እንደምትለው ዋንጫ ፈራጅ ቢሆን በቦስተን ከእሱ በላይ የሚወደድ ባልኖረ ነበር። ጥቁር በመሆኑ ግን ቤቱ ተሰብሮ ተገባበት፤ ግድግዳው ላይ ስድብ ጻፉ፤ አልጋው ላይ ተጸዳዱበት። በ1972 የ6 ቁጥር ማሊያው ሲሰቀል ተመልካች እንዳይኖር አድርጓል። የተጫወትኩት ለቡድኔ እንጂ ለቦስተን አይደለም እስከ ማለት ደርሶ ነበር። በ2013 ያችው ከተማ ሐውልት አቆመችለት፤ ሲሞት ደግሞ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ 6 ቁጥርን ከሁሉም ቡድን አነሣ። አንድም ዋንጫ አልጨመረም። ታዲያ ምን ፈረደ?

የዳንግላዋ፦
ተጫውቶ ያቆመው በ1969 ነው። ሐውልቱ 44 ዓመት ዘገየ፤ በዚህ መካከል ሰዎች በአደባባይ ታገሉ፣ ታሰሩ፣ ሕግ አስቀየሩ። ራስል ራሱም ታግሏል። ያንን ሁሉ ድካም ለጊዜ ስጦታ አድርገህ ታቀርበዋለህ?

የቡሬው፦
ትግሉም በጊዜ ውስጥ ነው የተደረገው።

የማርቆሱ፦
ሁሉ ነገር በጊዜ ውስጥ ነው የሚደረገው! ወንድሜ፣ ይህ መልስ አይደለም። ቦስተን ላይ የተሰደበው ሰው ቦስተን ላይ የተሳደቡትን ስም ሳይሰማ ሞተ። ክሊቭላንድ ላይ ማሊያ ያቃጠለ አንድ ሰው ዛሬ ወጥቶ «እኔ ነበርኩ» ሲል አልሰማሁም። አንተም ትናንት «ጥቂት ቀናተኞች» ብለህ ሸፈንክላቸው። የተቆጣሁት ለዚህ ነው።

የሞጣው፦
የዱራንትን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። ሌብሮን በሄደበት ምክንያት የሄደ ሰው ለምን ብቻውን ይወቀሳል?

የማርቆሱ፦
መልሻለሁ፤ ወደ ላይ ተመልሰህ አንብብ።

የሞጣው፦
አንብቤዋለሁ። የሰጠኸው ስድብ ነው። ምክንያቱን እየጠበቅኩ ነው።