የታወቀ አሳታሚ ደራሲውን ገንዘብ ሲጠይቅ፦ ውሉን ልፈርም ወይስ ልተወው?

ጠያቂ (ከሜሪላንድ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በደርግ ዘመን ስላሳለፉት የእስርና የስደት ሕይወት፣ እዚህ የተወለዱት የልጅ ልጆቻቸው እንዲያነቡት በእንግሊዝኛ የጻፍኩት መጽሐፍ አለኝ። ረቂቁን ለአንድ ስመ ጥር አሳታሚ ልኬ ነበር፤ መልሱ የመጣው ግን የአሳታሚውን ስም ከሚጠቀም ሌላ ክፍል ነው። በስልክ ያነጋገረችኝ ሠራተኛ ሥራዬን ካደነቀች በኋላ፣ ከአራት ሺህ ዶላር በላይ ብከፍል መጽሐፉ እንደሚታተም፣ ጥሩ ከተሸጠም ዋናው አሳታሚ ሊወስደው እንደሚችል ነገረችኝ። ገንዘቡን ከቤተሰብ ማሰባሰብ አያቅተኝም። ነገር ግን ይህ መንገድ በእርግጥ ወደ ዋናው አሳታሚ ያደርሳል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1፦
የተከበሩ ጠያቂ፣ ይህ አሠራር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የክርስቲያን መጻሕፍት አሳታሚው ቶማስ ኔልሰን ዌስትቦው ፕሬስን፣ የፍቅር ልቦለድ አሳታሚው ሃርለኩዊን ደግሞ ሃርለኩዊን ሆራይዘንስን፣ ደራሲው እየከፈለ የሚያሳትምባቸው ክፍሎች አድርገው ከፈቱ፤ በሁለቱም ዘንድ ሥራውን የሚሠራው ኦተር ሶሉሽንስ የተባለ የኢንዲያና ኩባንያ ነበር። ሃርለኩዊን ረቂቃቸውን ላልተቀበላቸው ጸሐፊዎች በሚልከው ደብዳቤ ላይ ይህንን የሚከፈልበት ክፍል ሊጠቁማቸው ማሰቡ ሲታወቅ፣ የአሜሪካ የፍቅር፣ የወንጀልና የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊዎች ማኅበራት አጥብቀው ተቃወሙ፤ ኩባንያውም ወዲያው የራሱን ስም ከክፍሉ ላይ አንሥቶ ዴልአርቴ ፕሬስ ብሎ ሰየመው። በ2012 የአሳታሚው የፔንግዊን ባለቤት ፒርሰን ኦተር ሶሉሽንስን ራሱን በ116 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በዚያው ዓመት ሌላው አሳታሚ ሳይመን ኤንድ ሹስተር ከዚሁ ኩባንያ ጋር አርችዌይ የተባለ ተመሳሳይ ክፍል ሲከፍት፣ ደራሲው የሚከፍለው ዋጋ ከ1,599 ዶላር ተነሥቶ፣ ለንግድ ነክ መጻሕፍት እስከ 24,999 ዶላር ይደርስ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ የዋጋው መጠን ብቻ አይደለም። ለደራሲ ቅድመ ክፍያ የሚሰጥ አሳታሚ መጽሐፉ ካልተሸጠ ይከስራል፤ ስለዚህ ረቂቁን ይመርጣል፣ አርታኢ ይመድባል፣ መጻሕፍት መደብሮች እንዲያዝዙት ሻጮቹን ያሰማራል። ከደራሲው ገንዘብ የተቀበለ ግን ገና አንድ ቅጂ ሳይታተም ትርፉን አግኝቷል፤ ከዚያ በኋላ አንባቢ ተገኘ አልተገኘ የሚጎዳው ነገር የለም። እርስዎን ያነጋገረችዎት ሠራተኛም በሙያዋ አርታኢ ሳትሆን ሻጭ መሆኗን እገምታለሁ። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ፣ የአሳታሚውን ስም ክብር የሰጡት ለዓመታት በጥንቃቄ የተመረጡት መጻሕፍትና ደራሲዎቻቸው ሆነው ሳለ፣ ያ ክብር አሁን ለጀማሪ ደራሲ በገንዘብ መሸጡ ነው። ኦተር ሶሉሽንስን በ2013 ደራሲያን በጋራ ኒው ዮርክ ላይ ከሰሱት፤ ክሱ በ2015 በስምምነት ተዘጋ፤ በ2016 መጀመሪያ ላይም፣ ፔንግዊን ከራንደም ሃውስ ጋር ተዋሕዶ የተፈጠረው ፔንግዊን ራንደም ሃውስ ኩባንያውን መሸጡን አስታወቀ።

መልስ 2 (ከአዲስ አበባ)፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ገንዘብ አውጥቶ ማሳተም በራሱ ነውር ተደርጎ እንዳይታይ አደራ እላለሁ። እኛ ዘንድ ብዙ ደራሲ ተበድሮም ሆነ ዕቁብ ጥሎ መጽሐፉን በራሱ ወጪ ያሳትማል። ማተሚያ ቤቱ የወረቀቱንና የሥራውን ዋጋ ተቀብሎ የታተመውን ያስረክባል፤ ደራሲውም ከሽፋን ዋጋው ቀንሶ ለአከፋፋይ ይሰጣል። ድካሙ ብዙ ነው፤ አከፋፋዩም ሒሳቡን በጊዜው ላይከፍል ይችላል። ነገር ግን ማተሚያ ቤቱ መጽሐፍህን መርጬዋለሁ አይልም፣ መብቱንም አይወስድም። የእርስዎ ጥያቄ እንግዲህ ከዚህ ይለያል፤ ወጪውን በሙሉ ችለው ሳለ ውሉ የማሳተም መብቱን ለሌላ ወገን የሚሰጥ ከሆነ፣ የማተሚያ ቤት ደንበኛም የአሳታሚ ደራሲም ሳይሆኑ በመካከል ይቀራሉ።

መልስ 3፦
እኔ እንዲህ ባለ ክፍል ከፍዬ አሳትሜ አልተጸጸትኩም። የፈለግሁት ለቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን የሚታደል የተወሰነ ቅጂ ስለነበረ፣ የተባለውን አገኘሁ። ተሽጦ ገንዘቡ ይመለሳል ብዬ አስቤ ቢሆን ኖሮ ግን እጅግ አዝን ነበር፤ በሽያጭ ያገኘሁት ለሽፋኑ ዲዛይን እንኳ አይበቃም።

መልስ 4፦
በእንግሊዝ አገር የደራሲያን ማኅበርና የጸሐፊዎች ጊልድ በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ለአሳታሚ ከፍለው ካሳተሙ መላሾች መካከል 94 በመቶው ገንዘባቸውን መክሰራቸውን ተናግረዋል። ስለዚህ የቤተሰብ ገንዘብ ከመሰብሰብዎ በፊት ውሉን በጽሑፍ አስልከው ሦስት ነገሮችን ያጣሩ፦ የማሳተም መብቱ በማን እጅ ለስንት ዓመት ይቆያል፣ ውሉን ሲያፈርሱ የገጽ ቅንብሩና የሽፋኑ ፋይል የማን ይሆናል፣ እርስዎ ራስዎ ቅጂ ሲገዙ በስንት ይገዛሉ? «ዋናው አሳታሚ ሊወስደው ይችላል» የተባለው ተስፋ በውሉ ውስጥ በግዴታ መልክ ካልተጻፈ እንዳልተባለ ይቁጠሩት።

ሌላ መንገድም አለ። አርታኢ፣ የገጽ ቅንብር ባለሙያና የሽፋን ሠዓሊ በየራሳቸው ቀጥረው፣ መጽሐፉን በአማዞን በኩል በፍላጎት ልክ፣ ማለትም ገዢ ባዘዘ ቁጥር ቅጂው እየታተመ፣ ማሳተም ይችላሉ፤ በዚያ ፋይሉን ለመጫን ክፍያ የለም፣ ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለሆነ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ደራሲው በአብዛኛው እስከ 70 በመቶ ያገኛል፣ መብቱም ከእርስዎ እጅ አይወጣም። ያለዎትን ገንዘብ በቅድሚያ በአርትዖቱ ላይ ያውሉት፤ የእስር ታሪክ ብዙ ስምና ቀን የሚጠቀስበት በመሆኑ፣ ረቂቁን ዘመኑን የሚያውቅ ሰው ጭምር ቢያነብልዎት መልካም ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ውሉን በጽሑፍ እንዲልኩልኝ ዛሬ ጠይቄያለሁ፤ እስኪደርሰኝ ድረስም ከቤተሰብ ገንዘብ አልቀበልም። መልስ 4 የሰጡኝን ላስቸግርዎትና፣ በዋሽንግተን አካባቢ ያንን ዘመን የሚያውቅ፣ በእንግሊዝኛ የሚሠራ አርታኢ ካለ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።