አረቄውን ትቻለሁ፤ ተበዳይነቴን ግን እንዴት ልተው?

ጥያቄ (ከ«ሰባት ወር»)

አረቄ ካቆምኩ 7 ወር ሆኖኛል። በጠጣሁባቸው 12 ዓመታት ለምን እንደምጠጣ ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ አባታችን ሲሞት ታላቅ ወንድሜ የቤቱን ካርታ ወደ ስሙ አዙሮ ባዶ እጄን አስቀረኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው እሑድ ግን ባለቤቴ ቡና እያፈላች «አረቄውን ተውክ እንጂ የአረቄውን ወሬ አልተውክም» ብትለኝ ሁለት ቀን አኮረፍኳት። በሦስተኛው ቀን ሳስበው የወንድሜ ነገር በተነሣ ቁጥር አፌ ውስጥ የሚመጣው የአረቄ ጣዕም መሆኑን አስተዋልኩ። ታዲያ ተበዳይነቴን ብተው እሱ ያደረገውን ትክክል ነው ማለቴ አይሆንም?

መልስ (ከ«ዲሲ»)

ወንድሜ፣ አይሆንም። እኔ ከተውኩ 9 ዓመቴ ነው፤ ያገገምኩትም እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ሁለት ጠጪዎች በመሠረቱት፣ ጠጪዎች መጠጥ ለመተው እርስ በርስ በሚረዳዱበት የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር ውስጥ ነው። ከማኅበሩ 12 የማገገሚያ ደረጃዎች 4ኛው ሰው ራሱን ያለ ፍርሃት እንዲመረምር የሚጠይቅ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ይረዱኝ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የደብተሬን ገጽ ለአራት አስከፈሉኝ፦ ቂም የያዝኩበት ሰው፣ ያደረገኝ ነገር፣ የነካብኝ (ኪሴን ይሁን ክብሬን)፣ በመጨረሻም የራሴ ድርሻ። ሦስቱን በአንድ ምሽት ሞላኋቸው፤ አራተኛው ሦስት ሳምንት ባዶውን ከረመ። እኔ የጻፍኩት በፓርኪንግ ሥራ ላይ የነበረውን አለቃዬን ነው፤ ያለ አግባብ አባሮኛል፤ ይህን ዛሬም አልክድም። ነገር ግን ከተባረርኩ በኋላ አራት ዓመት ሥራ ሳልፈልግ የኖርኩት፣ ለልጄ ልደት ያስቀመጥኩትንም ገንዘብ መጠጥ ቤት የጨረስኩት እሱ አዞኝ አልነበረም። ማባረሩ የእሱ ዕዳ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የእኔ ነው። አለቃዬ ይቅርታ እስኪለኝ ብጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ እጠጣ ነበር፤ ስሜን እንኳ የሚያስታውሰው አይመስለኝም።

መልስ (ከ«ነርሷ»)

ከላይ ያለው ምክር ጥሩ ቢሆንም ለሁሉም ዓይነት በደል አይሠራም። በልጅነቷ የተደፈረችን ሴት «የአንቺስ ድርሻ?» ብሎ መጠየቅ ጭካኔ ነው፤ በተፈጸመባት ነገር ምንም ድርሻ የላትም፣ የእሷ የሚሆነው ከዛሬ ጀምሮ የሚያሽላትን መፈለግ ብቻ ነው። ደግሞም ኃላፊነት መውሰድ ማለት ብቻን መወጣት አይደለም፤ ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊመጣበት፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ስለሚችል፣ ገና ለማቆም የሚያስብ አንባቢ ካለ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

መልስ (ከ«ሰባት ወር»)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ደብተር ገዝቼ የወንድሜን ስም ጻፍኩ። አራተኛው ቦታ ላይ ስደርስ የመጣልኝ ረስቼው የነበረ ነገር ነው፤ አባታችን በሞተ በዓመቱ ወንድሜ ስለ ቤቱ እንድንነጋገር ሁለት ሽማግሌዎች ልኮብኝ ነበር። እኔ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰክሬ፣ በር ላይ አቁሜ ሰድቤ መለስኳቸው። ይህን ለባለቤቴ ነግሬያት አላውቅም።